«48 ሜጋፒክስል» ብለውኝ የአያቴን ፊት አጣሁ

የዛሬው ወጋችን ስለ ካሜራ ነው። «ደግሞ ካሜራ ምን ወግ አለው? ስልክ አይበቃም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ እሱም ይመጣል።

ነገሩ የተነሳው ሰሞኑን ከደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ሰፈሯንም እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«... ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሄዳ ሰባት ዓመት ከሠራች በኋላ ለዕረፍት መጥታለች። የምትቆየው አምስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሁለቱ አልፏል። ስትሄድ ሦስት ዓመቱ የነበረው ልጇ አሁን አሥር ሞልቶታል። እናታችን፣ እህቴና ልጇ ሦስቱ አብረው የተነሱት አንድም ፎቶ የለም። የእኔ ስልክ ካሜራው ተሰንጥቋል። ያጠራቀምኳትን ይዤ ካሜራ ልገዛ ሄጄ ነበር። አንዱ ባለሱቅ ‹64 ሜጋፒክስል ነው፣ አዲስ ነው፣ እንደታሸገ ነው› ይለኛል። ሌላው ያገለገለ 10 ሜጋፒክስል አውጥቶ በዚያው ዋጋ ይጠራብኛል። ግራ ገባኝ። የቱን ልግዛ?...»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ድንግጥ ነው ያለው። ለምን ብትይ፣ አንቺ የቆምሽበት ባንኮኒ ፊት እኔም ቆሜያለሁ። የቆምኩት ብቻ አይደለም፣ ያንን ባለ ብዙ ቁጥሩን አንስቼ እየሳቅኩ ወጥቻለሁ! ስለዚህ ከምክሩ በፊት ጉዴን ልንገርሽ።

አንጸባራቂዋ ካሜራ

በ2015 ዓ.ም የጥምቀት ሰሞን ነው። እማማ (አያቴን የምጠራት እንደዚያ ነው) ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጣች። ዕድሜዋ ሰማንያውን አልፏል። «ዘንድሮስ ፎቶዋን ሳላነሳት አትመለስም!» ብዬ ፎክሬ ካሜራ ልገዛ ወጣሁ።

የሱቁ ልጅ ምላሱ ማር ነው። «ወንድሜ፣ ይቺ 48 ሜጋ ናት! 16 ዙም አላት! እዚያ ጋ ያለው አሮጌ ካነን እኮ 10 ብቻ ነው። አምስት እጥፍ በለው!» አለኝ። በልቤ አካፈልኩት። 48 ለ10... እውነትም አምስት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዕቃዋ ታብረቀርቃለች፣ ካርቶኗ ያምራል። ከፈልኩና ላጥ አልኩ።

የዚያን ቀን ማታ ቡና ተፈላ። እማማ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እንደ ሠርግ ካሜራማን ዙሪያዋን እየተሽከረከርኩ 61 ፎቶ አነሳሁ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሲታይ ሁሉም ሸጋ ነው። እማማ ራሷ አይታው «ኧረ ይቺ አሮጊት ማን ናት!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፎቶዎቹ ሚሞሪው ውስጥ እንደተቀመጡ ቀሩ። ማን ያትማቸዋል? ጊዜ ያለ መስሎኛላ!

በሰኔ 2016 ዓ.ም እማማ አረፈች። ድንኳኑ ተተከለ። እናቴ በለቅሶ መሀል ጠራችኝና «ልጄ፣ ፎቶዋን አሳድገህ አምጣልኝ» አለችኝ። ሚሞሪዬን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ፎቶ ቤት በረርኩ። ልጁ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ ትንሽ አሳደጋቸው፤ ዝም አለ። ሌላውን ከፈተ፤ አሁንም ዝም አለ። በመጨረሻ «ይሄንን ነው የምናሳድገው?» አለኝ።

ምን ልበላችሁ... ፊቷ ገንፎ ነው። ቅንድብ የለ፣ ሽፋሽፍት የለ። የአንገቷ ንቅሳት አረንጓዴ ጭቃ ሆኗል። ነጠላዋ እንደ አምፖል ይበራል፤ ፊቷ ግን ጨለማ ውስጥ ነው። ከ61 ፎቶ አንድ እንኳ ጠፋ! በዚያች ትንሽ ስክሪን ሸጋ የመሰለኝ ሁሉ ሲሰፋ ብዥ አለ።

መጨረሻ ላይ ከቦርሳዋ መታወቂያዋ ተፈለገና የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ አደገ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው እሱ ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችው፣ አየችውና፣ «ይቺ የእኔዋ እናት አይደለችም። ይቺ ቀበሌ ሄዳ የፈራችው ናት» አለች። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ቁጥሩ የሚሸውደው እንዴት ነው?

ከአርባዋ በኋላ ወደዚያው ፎቶ ቤት ተመልሼ «ምን አጥፍቼ ነው?» አልኩት ልጁን። ተቀምጦ አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ይህችን ነገር ሳጠና፣ ያገለገሉ ካሜራዎችን ስገዛና ስሸጥ፣ ለጓደኞቼም ስመርጥ ቆይቻለሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት ነው፤ አንዱ ሜጋ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። በዓለም የመጀመሪያ ከሚባሉት ዲጂታል ካሜራዎች አንዱን በ1975 እ.ኤ.አ በኮዳክ ኩባንያ የሠራው ስቲቨን ሳሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የነጥቦቹ ብዛት 10,000 ብቻ ነበር። አንዱን ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ያኔ ነጥብ መጨመር ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ግን እስቲ አስሉት፦

በተለምዶ የምናሳትመው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲወጣ የሚፈልገው ወደ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ያንን አሳድጎ ኤ4 ወረቀት የሚያህል ለማድረግ ወደ 9 ሜጋፒክስል ይበቃል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከራቅ ብሎ የሚታይ ከሆነማ 4 እና 5ም ያስኬዳል። ታዲያ ያ «ትንሽ» የተባለው 10 ሜጋፒክስል ካሜራ የእማማን ፎቶ ለድንኳን ለማሳደግ ከበቂ በላይ ነበር ማለት ነው!

«እሺ፣ 48 መሆኑ ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ጉዳቱ ቁጥሩ የእውነት አለመሆኑ ነው። ስማቸው የማይታወቅ ብዙ ርካሽ አዳዲስ ካሜራዎች በውስጣቸው ያለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ካሜራው ራሱ በነጥቦቹ መሀል ሌላ ነጥብ እየፈጠረ ያባዛቸዋል። ወጥ ላይ ውኃ ጨምሮ ድስቱን እንደ መሙላት ቁጠሩት፤ ድስቱ ሞልቷል፣ ቅመሙ ግን ያው ነው።

«16 ዙም» የተባለውም እንዲሁ ነው። ዙም ሁለት ዓይነት ነው። እውነተኛው ሌንሱ ራሱ ተንቀሳቅሶ ራቅ ያለውን ሲያቀርብ ነው። የውሸቱ ደግሞ ዲጂታል ዙም የሚባለው ነው፤ ፎቶውን ቆርጦ ይለጥጠዋል እንጂ ምንም አያቀርብም። መለያው ቀላል ነው። ሌንሱ ዙሪያ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለምሳሌ 5–20 ሚሊ ሜትር ቢል 20ን ለ5 አካፍሉ፤ እውነተኛው ዙም 4 ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ካለ የውሸት ነው። የእኔዋ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ማን ያንብበው!

ጣሳና ሳፋ

ታዲያ ካሜራን ካሜራ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብርሃን ነው፣ ብርሃን! ከሌንሱ ኋላ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር የሚባል ዕቃ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ጣሳ ብታስቀምጡና ሳፋ ብታስቀምጡ የትኛው ብዙ ይይዛል? ሳፋው። ሴንሰርም እንደዚያው ነው። ትልቁ ብዙ ብርሃን ይይዛል፤ በተለይ ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ቤት ውስጥ ስታነሱ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጠናቸውን በሦስት ልክፈለው፦

አንደኛው በአብዛኞቹ ኪስ የሚገቡ ካሜራዎች ያለው ነው። ወርዱና ቁመቱ ወደ 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአተር ክክ በሉት።

ሁለተኛው «አንድ ኢንች» የሚባለው ነው። ስሙ እንደዚያ ይሁን እንጂ ልኩ ወደ 13 በ9 ሚሊ ሜትር ነው። ከአተር ክኩ አራት እጥፍ ብርሃን ይቀበላል።

ሦስተኛው ሌንሳቸው የሚፈታ ካሜራዎች ላይ ያለው «ኤፒኤስ-ሲ» የሚባለው ነው። ወደ 22 በ15 ሚሊ ሜትር፣ ትንሽ የፖስታ ቴምብር ያህላል። ከመጀመሪያው አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው።

ሌላው ሌንሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። «1፡2.8» ወይም «ኤፍ 2.8» የሚል ታገኛላችሁ። ይሄ የሌንሱ ዓይን ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል። እዚህ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዓይኑ ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ሌንስ ከኤፍ 3.5 አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ባለሱቁ ሜጋ ሜጋ ሲላችሁ እናንተ ፈገግ ብላችሁ ሴንሰሩንና ይህችን ቁጥር ጠይቁ። ፊቱ ሲለዋወጥ ታዩታላችሁ!

መጀመሪያ ስልካችሁን ፈትሹ

አሁን «ስልክ አይበቃም ወይ?» ላላችሁት መልስ ልስጥ። ብዙ ጊዜ ይበቃል! ይሄን የምለው ገንዘባችሁ እንዳይባክን ነው። የቅርብ ዓመታት ደህና ስልኮች አንዴ ስትጫኑ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንስተው አዋህደው አንድ ጥሩ ፎቶ ያወጣሉ። ከእነሱ ጋር የድሮ ኪስ ካሜራ በጨለማ ቤት አይወዳደርም። ፎቷችሁ የሚደበዝዘው ሌንሱ በጣት ቅባት ተሸፍኖ ይሆናል። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና እንደገና ሞክሩ። ስንቱ ሰው በዚህች ብቻ ከወጪ ዳነ! ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩም «ፋይል» የሚለውን ምረጡ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ መጠኑ ይቀንሳል፣ ኋላ ላሳድገው ብትሉ እምቢ ይላል።

ካሜራ የሚያስፈልጋችሁ ስልካችሁ እንደ ጸሐፊያችን የተሰነጠቀ ወይም በጣም ርካሽ ከሆነ ነው። ራቅ ያለ ነገር የምታነሱ ከሆነም እውነተኛ ዙም ያስፈልጋችኋል። እውነተኛ ፍላሽ ስትፈልጉም እንደዚያው፤ የስልክ መብራትና የካሜራ ፍላሽ አንድ አይደሉም፣ ብልጭ የሚለው የካሜራ ፍላሽ የሚሮጥ ሕፃንን ቀጥ አድርጎ ያስቀራል። ከዚህ ውጪ «ጓደኛዬ ይዞ ስላየሁት» ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

የትኞቹን ልፈልግ?

የዋጋ ዝርዝር አልጽፍላችሁም። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የዕቃ ዋጋ ባለበት አልረጋም፤ ጋዜጣው እጃችሁ ሳይገባ ቁጥሩ ያረጃል። ይልቅ አከፋፈሉን ልንገራችሁ። በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ አሥር ቦታ መድቡ። ስድስቱን ለካሜራው፣ ሁለቱን ለሚሞሪና ለትርፍ ድንጋይ፣ ሁለቱን ለማሳተሚያ። አሥሩንም ካሜራው ከበላው ያ ካሜራ ውድ ነው፤ ሌላ ፈልጉ።

ለዕለት ፎቶ የምመክረው ያገለገለ፣ ግን ስም ያለው ዕቃ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ በዓለም ላይ ለገበያ የቀረበው ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ ግን ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ስልክ ቦታውን ቀማዋ! ስለዚህ ያኔ የተሠራው ደህና ዕቃ ዛሬ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ዘመድ ጠይቁ። ውጭ አገር ያለች አክስት ቁም ሳጥኗ ውስጥ የረሳችው ካሜራ ሊኖር ይችላል።

አቅማችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ የተሠሩ የካነን ፓወርሾት፣ የኒከን ኩልፒክስ፣ የሶኒ ሳይበርሾት፣ የፓናሶኒክ ሉሚክስ ኪስ ካሜራዎች ይበቋችኋል። ሴንሰራቸው ያው አተር ክክ ነው፤ ግን ሌንሳቸው የእውነት ነው፣ ፍላሻቸው የእውነት ነው፣ ቁጥራቸውም አይዋሽም። ቀን በፀሐይ፣ ማታ በፍላሽ ይሠራሉ።

መሀል ላይ ካላችሁ ካነን ኤስ90 (2009 እ.ኤ.አ) ወይም ኤስ95 (2010 እ.ኤ.አ) ፈልጉ። 10 ሜጋፒክስል ብቻ ናቸው፤ ሌንሳቸው ግን ኤፍ 2 ነው። ትንሽ ከፍ ካለ ሶኒ አርኤክስ100 (2012 እ.ኤ.አ) አለ፤ አንድ ኢንች ሴንሰር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ኪስ የሚገባ።

ግዝፈቱ ካላስቸገራችሁ ደግሞ ካነን 1100ዲ (2011 እ.ኤ.አ) ወይም ኒከን ዲ3100 (2010 እ.ኤ.አ) ያንን ቴምብር የሚያህል ሴንሰር ይዘዋል። 12 እና 14 ሜጋፒክስል ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኒከን ዲ3100 በውስጡ ሞተር ስለሌለው የድሮ ኒከን ሌንስ ብትገጥሙለት በራሱ አያጠራም፤ እጃችሁ ነው የሚያጠራው። «ሌንሱን በርካሽ ልጨምርልሽ» የሚል ነጋዴ ካለ ይሄን አስታውሱ።

አሥር ደቂቃ ፈትሹ

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ አትቸኩሉ። «ቶሎ በይ፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ለዚያ ለሚመጣው ሰው ተዉለት።

አንደኛ፣ አብሩና አጥፉ፤ አምስት ጊዜ። ሌንሱ ሲወጣ ሲገባ ቢንገጫገጭ ወይም ግማሽ ላይ ቢቆም ደህና ሰንብት በሉት። የሌንስ ጥገና ከካሜራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ነጭ ወረቀት አንሱ። ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ውስጡ አቧራ ገብቷል። ከዚያ ሌንሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንሱ፤ በጨለማው ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ ደክሟል።

ሦስተኛ፣ ፍላሹን ሞክሩ። የድንጋይ ማስቀመጫውን ክዳንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እሱ ነው።

አራተኛ፣ የሰው ፊት አንሱና በስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አስፉት። ሽፋሽፍት ይታያል? እኔን ያጠፋኝ ይሄን አለማድረጌ ነው። በትንሽ ስክሪን ሁሉም ቆንጆ ነው፤ እውነቱ የሚወጣው ሲሰፋ ነው።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ ወይም ካርቶን ጠይቁ። ያለ ቻርጀር፣ ያለ ምንም ወረቀት፣ የሰው የልደት ፎቶ በውስጡ እንዳለ የሚሸጥ ካሜራ ከየት እንደመጣ ማሰብ ነው። የሰው እንባ ያለበት ዕቃ አይበጅም።

የሚሞሪና የድንጋይ ጣጣ

ርካሽ ካሜራ ገዝታችሁ በሚሞሪ ልትከስሩ ትችላላችሁ። የድሮ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ካሜራዎች ኤክስዲ የሚባል፣ የድሮ ሶኒዎች ደግሞ ሜሞሪ ስቲክ የሚባል የራሳቸውን ሚሞሪ ነው የሚበሉት። እነዚህን ዛሬ ማግኘት አበሳ ነው። ኤስዲ የሚለውን የሚቀበል ምረጡ። እሱም ቢሆን ከ2006 እ.ኤ.አ በፊት የተሠራ ካሜራ ባብዛኛው ከ2 ጊጋ በላይ አያነብም። ኤስዲኤችሲ የሚል ምልክት ያለው እስከ 32 ጊጋ ያነባል። 64 ጊጋ ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራው ላይ የተጻፈውን እዩ። ለዕለት ፎቶ 8 ጊጋ እንኳ ከሺህ ፎቶ በላይ ይይዛል።

ድንጋይን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ካሜራ አለ። አንዳንዱ እንደ ሬዲዮ ተራ ድንጋይ ይበላል። ጥሩነቱ ድንጋዩ በየሱቁ መገኘቱ ነው፤ ክፋቱ ተራውን ድንጋይ ቶሎ መጨረሱ። ቻርጅ የሚደረገውን ተመሳሳይ ድንጋይ አራት ገዝታችሁ አፈራርቁ። ሌላው የራሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለው። አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ሆዱ ካበጠ አትንኩት፣ ለእሳትም ያሰጋል። ያው ዓይነት ድንጋይ ዛሬም መገኘቱን ሳታረጋግጡ ካሜራውን አትግዙ።

ነጠላው ሲያበራ ፊት ሲጠቁር

ይቺን ከሁሉም በላይ ያዙልኝ። የእማማ ፊት የጨለመው በካሜራዬ ርካሽነት ብቻ አይደለም፤ ባለማወቄም ነው። ካሜራ ሲያይ ሁሉን ነገር አማክሎ መሀከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ፎቶውን ሲሞሉት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል። የሚጎዳው ማን ነው? የጠይም እናታችን ፊት! በር ላይ ወይም መስኮት ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆምም ያው ነው።

መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው፤ በአንዳንዱ ካሜራ ማውጫው ውስጥ ይገኛል። ነጭ ለበስ ስታነሱ ወደ መደመር ወስዳችሁ 0.7 ወይም 1 አድርጉት። ፊት ይወጣል። ይህ ነገር የሌለው ካሜራ በነጻም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። ሌላው ቀርቶ ሰውየዋን ከአምፖሉ ሥር አንስታችሁ መስኮት አጠገብ፣ ፊቷ ወደ ብርሃኑ ዞሮ ብታስቀምጧት ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀኑን ማስተካከልም አትርሱ። ያገለገለ ካሜራ ድንጋዩ ወጥቶ ከቆየ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። የዛሬው ፎቶ ከብዙ ዓመት በፊት የተነሳ ይመስላል። ግን ቀኑ ፎቶው ላይ በቢጫ እንዲጻፍ አታድርጉ፤ አንዴ ከተጻፈ አይለቅም።

እንግዲህ እህቴ...

ወዳንቺ ልመለስ። ያንን 64 ሜጋ የተባለ አዲስ ዕቃ ተዪው። ያገለገለውን 10 ሜጋፒክስል ያዢ። የሚታወቅ ካምፓኒ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩሽን ፈተና ካለፈ፣ ሚሞሪው ኤስዲ ከሆነ፣ ከዋጋውም ተከራክረሽ ጥቂት ካስቀነስሽ እሱ ይሻልሻል። ሁለቱም ካልሆኑልሽም አትጨነቂ። ጥሩ ስልክ ያላት ጓደኛ አታጪም፤ ለአንድ ከሰዓት ተበደሪያት። ጊዜው ሦስት ሳምንት ነው፤ የካሜራ ፍለጋው ሁለቱን እንዳይበላብሽ።

ከዚያ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ብርሃኑ ገና ሳይከር፣ ሦስቱንም ደጃፉ ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጫቸው። «ቀጥ በሉ፣ ሳቁ» አትበያቸው፤ እህትሽ የልጇን ፀጉር ታበጥር፣ እናትሽ ቡና ትልቀም። አንቺ ዝም ብለሽ አንሺ። አስፍተሽ እዪ፤ ሽፋሽፍት እስኪታይሽ ድረስ አንሺ። ራስሽንም አትርሺ፤ ካሜራውን ወንበር ላይ አስደግፈሽ አሥር ሰከንድ የሚቆጥረውን ሰዓት ሙዪና ሮጠሽ ግቢ። አራታችሁ የሆናችሁበት ፎቶም ይኑር።

በመጨረሻም፣ ያው ዕለት ፎቶ ቤት ሂጂ። የተሻለውን መርጠሽ በ10 በ15 ሁለት ሁለት አሳትሚ፤ አንዱ ለእናትሽ ግድግዳ፣ አንዱ ለእህትሽ ሻንጣ። ሚሞሪውን ብቻ አትመኚ። እኔ 61 ፎቶ ነበረኝ፤ በጊዜው አንድ እንኳ ላሳትም ብሄድ ያኔውኑ ብዥ ማለቱን አይ ነበር። እማማ እኮ ገና እዚያው ቤታችን ነበረች! ካሜራ ለውጬ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ እንደገና አነሳት ነበር። የሚቆጨኝ የካሜራው ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ሳላያቸው መቆየቴ ነው።

እህትሽ ስትሄድ መልካም መንገድ በይልኝ። ፎቶው ሲወጣም ጻፊልኝ።

እናንተም አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሚሞሪያችሁን ክፈቱና የእናታችሁን ፎቶ አስፍታችሁ እዩ። ሽፋሽፍቷ ካልታየ ነገ ጠዋት እንደገና አንሷት።

ሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ!